ሲገቡ በቀኝ

ደሴ ተወልዶ ማደግ ያልተጻፈ ግዴታ አለው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድም ይሁን አሜሪካ የገባ አብሮ አደግ፣ «ሐይቅ እስጢፋኖስንና ግሸንን ልሳለም ነበር» ባለ ቁጥር ስልኩ የሚጮኸው የእኔ ነው። «ለመሆኑ ታውቀዋለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የደሴ ልጅ ሆኖ ግሸንን አለማወቅ፣ ጎንደሬ ሆኖ የፋሲልን ግንብ እንዳለማወቅ ነው፤ መጠየቁም ጥያቄውን መመለሱም ነውር ይመስላል።

እውነቱን ላውጣውና፣ እኔ ሐይቅን የማውቀው በዓሣ በኩል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ቁጥሩን አላስታውሰውም፤ ሁሌም ግን የሄድኩት ውሃው ዳር ተቀምጬ ዓሣ ጥብስ ልበላ ነው። ገዳሙንም ቢሆን ከማዶ ሆኜ፣ ጣቴን በሎሚ እያሸሁ፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከሩቅም ሲያዩት ደስ ይላል።

አምና ነሐሴ ላይ ታዲያ የእናቴ ታናሽ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እትዬ የሚላቸው፣ ከዋሽንግተን ደወሉ። አገር ከለቀቁ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

«ኢየሩሳሌምን ሁለት ጊዜ ተሳልሜ የአገሬን ሳላይ ብሞት ምን ብዬ እመልሳለሁ? ለመስከረም እመጣለሁ። አንተ አለህ አይደል?»

«አለሁ እንጂ!»

«ሐይቅንም ግሸንንም ታስጎበኘኛለህ?»

«ምን ችግር አለ እትዬ!»

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝ ሁሉ ከዚህች «ምን ችግር አለ» የመጣ ነው።

ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ያነበብኩትን በትንሽ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ገዳሙን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው እ.ኤ.አ. በ1248 እንዳቋቋሙት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ገብተው እንደተማሩ፣ የጣና ዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክም የዚያው ፍሬ እንደሆኑ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ የራሳቸውም ሥዕል ያለበት አራቱ ወንጌል ሰባት መቶ ዓመት እንዳለፈው፣ የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ቃሉ የሚሰማ ሰው እንደነበር። ወረቀቷን አጥፌ የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። ማትሪክ የተፈተንኩ ቀን ከያዝኳት ወረቀት የምትለየው ይቺኛዋ ባለመደበቋ ብቻ ነው።

መስከረም 18 ቀን ጠዋት ከደሴ ተነሣን። ጠዋት ስል ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠብቀን ነው። ስለ ዐቃቤ ሰዓት ለመጀመር ጥሩ አጋጣሚ መስሎኝ «እትዬ፣ የድሮ የገዳሙ አለቃ ሰዓት ጠባቂ ይባል ነበር» ብዬ ብጀምር፣ «ምነው ከዚህ መናኸሪያ አንድ ቢሾሙ!» ብለው ዘጉኝ።

መንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አደይ አበባው ግራ ቀኙን ቢጫ አድርጎታል። እትዬ ግን ያሉት ኢየሩሳሌም ነው። የዚያ አስጎብኚያቸው ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ሃምሳ ኢትዮጵያዊ በነጭ ነጠላ እንደ ጫጩት ይከተለዋል። የእስጢፋኖስ በር ሲደርሱ ቆም ብሎ፣ ሰማዕቱን በድንጋይ ሊወግሩት በዚህ በኩል አውጥተውታል የሚባልበት ነው፣ ሌላ ስሙም የአንበሶች በር ይባላል፣ ብሎ አስረዳቸው። ከዴር ሱልጣን ጣሪያ እስከ ገሊላ ድረስ አንድም ሰው አልጠፋበትም።

«የአንተ ጃንጥላ የታለ?» አሉኝ።

«እኛ እኮ ሁለት ነን እትዬ።»

«ቢሆንስ!» ብለው የራሳቸውን ጥቁር ጃንጥላ አስያዙኝ። ፀሐይም ዝናብም ሳይኖር ቀኑን ሙሉ ተሸክሜው ዋልኩ።

ሐይቅ ከተማ ወርደን ባጃጅ ያዝን። ፊቱ ላይ «ማሻ አላህ» የሚል ተለጥፎበታል። ልጁ ሃያ አምስት አይሞላውም።

«ለገዳም ነው ጋሼ? ይግቡ እማማ፤ አብሽሩ፣ ቀስ አድርጌ ነው የምነዳው።»

ቀስ አድርጎ አልነዳም። አፉም እንደ እግሩ ፈጣን ነበር። እኔ ወረቀቴን ከኪሴ ላወጣ ስታገል እሱ ጀመረ። ይህ ሁሉ የምታዩት ውሃ ድሮ መሬት ነበር አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች። የሚሰማት ስታጣ ወደ ፈጣሪ አለቀሰች። ፈጣሪም ተቆጣና ልዕልቷ ከነዘመድ አዝማዷ ሰጠመች፤ ዙሪያው ውሃ ሆነ። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ሆና ቀረች። ያቺ መሬት ደሴት ሆና ኖራ ኋላ ከየብሱ ጋር ተያያዘች፤ እስጢፋኖስ ያለው እሷ ላይ ነው።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነው የሰሙት። «ይህን ወረቀትህ ላይ ጽፈኸዋል?» አሉኝ። አልጻፍኩትም።

«ገዳሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ ገብተሃል?» ብለው ልጁን ጠየቁት።

«ወላሂ እማማ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። ባጃጇን ማን ይጠብቅልኛል?»

ደጁ ጋ ስንደርስ አንድ አባት በትሕትና እጃቸውን ዘርግተው «እናቶች እስከዚህ ናቸው» አሉ። ለካ ወረቀቴ ላይ ያልሰፈረው ዋናው ነገር ይህ ኖሯል! ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም። ይህን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ዓሣ ሲበሉ የሚያውቁት ዕውቀት ሲፈለግ አይመጣም።

እትዬ ዝም አሉ። ሠላሳ ዓመት ጠብቆ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በር ላይ መቅረት። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ምኞት አደገኛ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን ተውኩት። ከዚያ እትዬ ወደ ባጃጁ ልጅ ዞሩ።

«ቆይ እስቲ የኔ ልጅ። መሬቷን ያተረፈቻት ሴት ናት አላልክም?»

«ይባላል እማማ።»

«ታዲያ ሴት በተቀመጠችበት ሴት አትገባም?»

ልጁ ራሱን አከከ፣ ሐይቁን አየ፣ እኔን አየ። «እማማ፣ እሷ እኮ ገዳሙ ሳይመጣ ቀድማ ገብታ ነው» አለ።

እትዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኚያ አባትም ፊታቸውን ወደ ዛፉ መለስ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ሲነቀነቅ አየሁት። «እንግዲያው እኔም እንደ እሷ እቀመጣለሁ» አሉ እትዬ፣ ከዛፉ ሥር ነጠላ አጣፍተው ወደ ተቀመጡት ሴቶች እየሄዱ። «ውሃ ከመጣ ጥሩኝ። አንተ ግባና ለሁለታችንም እይ።»

ገባሁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ለማየት በሙሉ ልቤ ተዘጋጅቼ ነበር። ችግሩ የመጣው ጫማዬን ሳወልቅ ነው። የቀኝ እግሬ ካልሲ ጫፉ ላይ ተቀድዶ አውራ ጣቴ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ጠዋት ስለብሰው ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ ሚኒባስ ውስጥ ሳትሰፋ አልቀረችም። ካልሲውን እንዳላወልቅ አንዱ መነኩሴ ማብራራት ጀምረዋል። ጣቴን በግራ እግሬ ልሸፍን ብል እንደ ሽመላ በአንድ እግሬ ቆምኩ። ካልሲውን ወደ ፊት ስቤ ትርፉን በጣቶቼ መሃል ልይዘው ሞከርኩ፤ ስራመድ ያመልጣል። እሳቸው ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ ተጋድሎ ይነግሩኛል፤ እኔ አንገቴን እየነቀነቅኩ ስለ ጣቴ አስባለሁ። «እዚህ ጋ ደግሞ ተመልከት ልጄ» ሲሉኝ እግሬን ያዩብኝ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ። ከጣሪያው ብዙ አስታውሳለሁ።

ስወጣ እትዬ ከሴቶቹ መሃል ነግሠዋል። ዳቤ ተቆርሷል። ጃንጥላዬን መሬት ተክዬ ከፊታቸው ቆምኩ።

«እህ፣ ምን አየህ?»

«ያምራል እትዬ። በጣም ያምራል።»

«እሱማ ከውጭም ያምራል። የአባ ጊዮርጊስን ወፍጮ አየኸው?»

የትኛው ወፍጮ? ከሴቶቹ አንዷ፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሚመስሉት፣ ተቀበሉ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ እነ ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት ሊቅ፣ እዚህ ተማሪ ሳሉ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ነበር። ሌላው ሲያነብብ እሳቸው ለገዳሙ እህል ሲፈጩ ሰባት ዓመት ኖሩ ይባላል። መጅ እየገፉ፣ እመቤታችንን እየለመኑ። ኋላ ተገለጠችላቸውና ያ ሁሉ ድርሳን ፈሰሰ። ሴትዮዋ ይህን ሲናገሩ በእጃቸው መጅ የሚገፉ ያህል ወደ ፊት ወደ ኋላ ይሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈጩ ሰው ናቸውና የሊቁ ድካም የገባቸው በትከሻቸው ነው።

«ታዲያ ወፍጮውን አላየህም?» አሉ እትዬ።

ስምንት ሴቶች አዩኝ። «አየሁት እንጂ!» አልኩ።

«በየት በኩል ነው?»

«ሲገቡ በቀኝ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም ገብተው ስለማያውቁ ምንም ሊሉኝ አልቻሉም፤ አስተያየታቸው ግን የገባ ሰው አስተያየት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደማውቀው ነገር ወሰድኳቸው፣ ወደ ዓሣው። እዚህ እንኳ እኔን የሚያህል የለም ብዬ ነበር። እትዬ ጥብሱን እንደቀመሱ «ይህማ የጴጥሮስ ዓሣ ነው!» አሉ። ለካ ገሊላ ባሕር ዳር ለተሳላሚ የሚቀርበው፣ ጴጥሮስ ከአፉ እስታቴር ያወጣበት ነው እየተባለ የሚሸጠው ዓሣ፣ የእኛው ቆሮሶ ዘመድ ነው። እኔም ሞቅ አለኝና ሐይቃችን በስፋት ከገሊላ ቢያንስም በጥልቀቱ እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ ከሰማንያ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ዓሣውም ከጥንት ከመነኮሳቱ ጋር የኖረ ነው፣ አልኩ። ከጎናችን ሻይ ይጠጣ የነበረው የባጃጁ ልጅ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጋሼ ይቅርታ፤ ቆሮሶው እንኳ በደርግ ጊዜ ነው የተጨመረው። አያቴ ሲያመጡት አይቷል።»

ቤት ገብቼ ሳጣራ ልጁ ልክ ነው። የሐይቅ ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ወደ ሐይቁ የገባው። በአርባ ዓመት የዓሣ ዕውቀቴ ይህን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የመጣልኝ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1759 ራሴላስን የጻፈው የእኛን የግሸንን አምባ ታሪክ ይዞ ነው፤ ልዑላኑ ከዓለም ተለይተው የሚኖሩበትን። የእናቱን የቀብር ወጪ ሊሸፍን በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ጻፈው ይባላል። ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ሰውየው ግን ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ከዚያ በፊት ሎቦ የተባለውን የፖርቹጋል ሚሲዮናዊ የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ነበር፤ የቀረው የራሱ ነው። እንግዲህ እኔ ገብቼ ጣቴን ሳይ የዋልኩት ሰው፣ ሳይገቡ ያስጎበኙትን ልቁጠር፦ ጆንሰን፣ የባጃጁ ልጅ፣ ከዛፉ ሥር ያሉት ሴቶች። የአምባሰልን ቅኝት በየምሽት ቤቱ የሚያንጎራጉሩት አዝማሪዎችስ ስንቶቹ አምባሰልን ረግጠዋል? አንጀት ሲበሉ ግን እዚያው የተወለዱ ይመስላሉ።

መስከረም 20 ወደ ግሸን ወጣን። ወጣን ማለት ለእትዬ ነው፤ እኔ ወጣሁ ለማለት ጊዜ ወስዶብኛል። መኪናው ከሚደርስበት በኋላ ያለው በእግር ነው፤ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ ላይ ይፈስሳል። በባዶ እግሩ የሚሄድ አለ፣ ድንጋይ የተሸከመ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች። በአምባሰል ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በ«እቺን ዞር ስትሉ» ነው። የመጀመሪያውን ገበሬ «ስንት ቀረን?» ብለው «ደርሳችኋል፣ እቺን ዞር ስትሉ ነው» አለኝ። ዞርኩ። ሌላ ዳገት አለ። ሁለተኛው «በርቱ፣ አሁንማ አለቀ» አለኝ። ሦስተኛዋ፣ ጠላ የምትሸጥ ሴት፣ ፊቴን አይታ «አይዞህ ወንድሜ፣ መቀመጥ ነው እንጂ ሩቅ አይደለም» አለችኝ። ይህች ብቻ ናት እውነቱን የነገረችኝ።

ያን ጊዜ ነው ስለ ልዑላኑ የገባኝ። ከሰሎሞናዊው መንግሥት መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ዙፋን እንዳይሻሙ የነገሥታት ልጆች እዚህ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብም እ.ኤ.አ. በ1434 ከመንገሡ በፊት እዚሁ ነው የተቀመጠው። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው ጠባብ፤ እነሱ እንዳይወጡ ዘበኛ ቆሞባቸው ነበር። እኔን ያለ ዘበኛ መውጣት አቃተኝ።

እትዬ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በእያንዳንዱ ኩርባ ቆመው ይጠብቁኛል። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን ዘርግተው «ጃንጥላውን አምጣው፣ ከብዶህ ነው» አሉኝ። ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ የማየው ከፊቴ በሕዝቡ ራስ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄደውን ጥቁር ጃንጥላ ነበር። እሱን እየተከተልኩ ደረስኩ።

ላይ ስንወጣ ሰማዩ ጥቁር ብሏል። ግሸን መስቀለኛ ናት ይባላል፤ ግማደ መስቀሉም ከግብፅ መጥቶ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እዚህ ያረፈው ንጉሡ በሕልሙ መስቀል የመሰለ ቦታ ፈልግ ተብሎ ነው። መስቀሏን ለማየት ብዬ ወዲህ ወዲያ ዞርኩ። ሰው፣ ድንኳን፣ ጧፍ የሚሸጡ ልጆች፣ ጭቃ። ላይዋ ላይ ቆመው መስቀልነቷ አይታይም፤ ከማዶ ተራራ ወይም ከአውሮፕላን ካልሆነ። «እትዬ፣ መስቀሉ አይታየኝም» አልኩ። «ትከሻው ላይ ቆመህ እንዴት ይታይሃል?» አሉኝ።

ካፊያ ጀመረ። እትዬ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ከአዲስ አበባ የመጡ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከሥሩ ተጠጉ፤ አንድ ሁለት እያሉ አሥር ሆኑ። እትዬ መናገር ጀመሩ። ታሪኩ ስለተጻፈበት ስለ መጽሐፈ ጤፉት፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ ቅንጣት ደቃቃ ስለሆነ ስሙ ከዚያ ወጣለት እንደሚባል፤ ስለ ግማደ መስቀሉ፤ ከዚያ ስለ ኢየሩሳሌም፤ ከዚያ ወደ ሐይቅ ተሻገሩ። የነፍሰ ጡሯን ታሪክ የባጃጁ ልጅ ከነገረን አስረዝመው፣ ልዕልቷንም ትንሽ ክፉ አድርገው ነገሯቸው። ገዳሙ ውስጥም አስገቧቸው። የዕጣኑን ሽታ፣ የወለሉን ቅዝቃዜ፣ የመነኮሳቱን እግር ኮቴ ሳይቀር ሰማን። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቅ እስጢፋኖስን ያየሁት ያን ጊዜ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

«...ስትገቡ ደግሞ በቀኝ በኩል የአባ ጊዮርጊስ ወፍጮ አለ» አሉ እትዬ።

ከኋላ የቆመ አንድ ቀጭን ዲያቆን እጁን አወጣ። «እናቴ፣ እኔ ሐይቅ ሦስት ጊዜ ገብቻለሁ። በቀኝ በኩል አላየሁም።»

«እሱን ጠይቁት፤ ከትናንት ወዲያ ነው የገባው» ብለው እትዬ በጃንጥላው ጫፍ አመለከቱኝ። አሥሩም ዞሩ።

ዲያቆኑ በአክብሮት ዝቅ ብሎ «ጋሼ፣ ሲገቡ ነው ሲወጡ?» አለኝ።

«ሲወጡ» አልኩና፣ ጃንጥላውን ከእትዬ እጅ ተቀብዬ ፊቴ ላይ ዝቅ አደረግኩት።